የስልክ ብር የማን አደራ ነው?

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በጎንደር ገበያ የወረቀት ብር ሳይነካ የሚያልቅ ግብይት በርክቷል። በዚህም የተነሳ «እንግዲህ ገንዘብ ከብሔራዊ ባንክ እጅ ወጣ» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ነገሩ በእርግጥ እንዲህ ነውን?

ውድ አንባቢያን! ገንዘብ ከመንግሥት እጅ ውጭ ሲሆን ምን እንደሚመስል ጎንደር ታውቀዋለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴዎች ከምጽዋና ከሱዳን ጋር የሚነግዱት በማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ ለዝርዝሩ አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። ጠገራው የሚመታው በአውሮፓ፣ አሞሌው የሚቆረጠው በአፋር የጨው ሜዳ ነው። ስለሆነም በገበያው የሚዘዋወረውን የገንዘብ መጠን የጎንደር ቤተ መንግሥት ሊወስን አይችልም ነበር። በ1955 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የተቋቋመው ብሔራዊ ባንክ ግን አንዱ ዋነኛ ሥራው ይህንኑ መጠን መቆጣጠር ነው።

የስልክ ብር ከጠገራው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ባንኩ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ አገልግሎት ሰጪው በስልክ ለሚታየው ለእያንዳንዱ ብር እኩያውን በባንክ ማስቀመጥ አለበት። ስለዚህ በስልክ የገባው 1,000 ብር መልኩን ለወጠ እንጂ አዲስ ገንዘብ አልሆነም። በእኛ ቋንቋ ይህ አማና ነው። አደራ ተቀባዩ ከተቀመጠለት በላይ ቁጥር ቢጽፍ ግን፣ ማንም ያልፈቀደው ገንዘብ ተፈጠረ ማለት ነው፤ ዳፋውም በዋጋ ንረት ለሁሉም ይደርሳል።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ብድሩ ነው። ባንክ ሲያበድር በተበዳሪው ሒሳብ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ብር ይጻፋል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ የጣለው በዚሁ ምክንያት ነበር። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው «ቴሌብር መላ» ብድር በዳሸን ባንክ በኩል የሚሰጥ ነበርና ከባንክ መዝገብ አላመለጠም። የስልክ ብድር ከባንክ መዝገብ ውጭ የሚሰጥበት ቀን ቢመጣ ግን፣ እንዲህ ያለው ገደብ አይደርስበትም።

ልጁ የላከለትን 500 ብር ደባርቅ ሆኖ በስልኩ የሚያይ አባት፣ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው፤ የሚያምነው ግን ያላየውን አደራ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጥያቄያችን «ወረቀት ወይስ ስልክ?» ሊሆን አይገባም። «ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ብር ሙሉ ነውን? በየጊዜውስ ይመረመራልን?» ብለን እንጠይቅ።