የማይነቃነቅ ካሜራ



በዕረፍት ወራት አዲ አርቃይ ሳለሁ የሌሊቱን ሰማይ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሞከርሁ። ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ መዝጊያውን ለ30 ሴኮንድ ከፈትሁ፤ ዳሩ ግን ቁልፉን ስጫን ስለማነቃንቀው ከዋክብቱ እንደ ትል ተጣመሙ። ሦስት ሌሊት እንዲሁ ከሸፈብኝ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ ባለገመድ መክፈቻ ተዋስሁ። ሌንሱን በስተሰሜን ወደ ተከዜ አዙሬ፣ መዝጊያውን ከፍቼና ቆልፌ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልነካው ተቀመጥሁ።

በፎቶግራፉ ላይ ከዋክብቱ ቅስት ሠርተዋል። ከአድማስ 13 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚታየው የሰሜን ኮከብ ብቻ ከቦታው ያልተነሣ ይመስላል። እያንዳንዱ ቅስት 15 ዲግሪ ነው፤ ምድር በአንድ ሰዓት የምትዞረው ይህን ያህል ነውና።

ለመሞከር የምትሹ፣ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ፤ ካሜራውን አጽንታችሁ እጃችሁን አንሡ። እኔ የምድርን ዙረት ያየሁት ካሜራዬን መነካካት የተውሁ ዕለት ነው።