የሌለ እግር ለምን ያማል?

ጥያቄ፦ አባቴ በስኳር ሕመም ሳቢያ እግራቸው ከተቆረጠ ወራት አልፈዋል። ዛሬም የሌለው እግራቸው ጣቶች እንደሚያቃጥሏቸው ይናገራሉ። ይህ እውነተኛ ሕመም ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ይመኗቸው። የተቆረጡት ነርቮች ጫፍ የተዛባ መልእክት መላኩን አያቆምም፤ የአንጎል ውጫዊ ሽፋንም የእግሩን ስሜት የሚቀበለውን ስፍራ አይሰርዝም። በ1995 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ሄርታ ፍሎርና ባልደረቦቿ እጃቸው የተቆረጠ ሰዎችን አጥንተው ነበር። በአንጎል ውስጥ የከንፈር ስፍራ ወደ እጁ ስፍራ በገፋ ቁጥር ሕመሙም እንደሚበረታ አሳዩ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የእጁ ስፍራ ለዓመታት ሳይጠፋ እንደሚቆይ ስላመለከቱ በሕመሙ መንስኤ ላይ ያለው ክርክር ቀጥሏል።

አንጎል ሕመምን ያበርዳልም፤ ከፊተኛው ክፍሉ የሚነሳ ትእዛዝ ወደ ኅብለ ሰረሰር ወርዶ መልእክቱን ያዳክማል። ሕመሙን ለማስታገስ ስለ ነርቭ ሕመም መድኃኒትና ጤነኛውን እግር በመስታወት እያዩ ስለሚሠሩት እንቅስቃሴ ሐኪማቸውን ያማክሩ። በተቆረጠው ስፍራ ቁስል ወይም እብጠት ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመርምሯቸው።