ስለ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ልክ አመራመር

የኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ስለ ዋጋና ስለ ጥራት እንደሚጠነቀቅ ሁሉ ስለ ልክም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ዕቃው ደኅና፥ ሰሌዳውም ደኅና ሆኖ ሳለ ሁለቱ ባይገጣጠሙ ለሁለቱም የወጣው ገንዘብ ከንቱ ይቀራልና። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ባለሙያዎች ፉትፕሪንት ስለሚሉት ነገር ባጭሩ እናስረዳለን።

ፉትፕሪንት ማለት አንድ ዕቃ በሰሌዳው ላይ የሚያርፍበት ሥፍራ ሥዕል ነው። እግሮቹ የሚበየዱባቸው የመዳብ ሥፍራዎች ስንት እንደ ሆኑ፥ በምን ያህል እንደሚራራቁ፥ አንደኛው እግርም የትኛው እንደ ሆነ ያመለክታል። ሰሌዳው የሚነደፈው በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሆን፥ ከነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረውና ያለ ክፍያ የሚገኘው ኪካድ ነው። ፕሮግራሙ ብዙ ሥዕሎች የተሰበሰቡበት መዝገብ አለው፤ በዚያ ያልተገኘውንም ከዕቃው ሠሪ ወይም ከታላላቅ አከፋፋዮች ድረ ገጽ ማግኘት ይቻላል። ይሁን እንጂ የሥዕሉ መገኘት ብቻ ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። ምርመራውም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ የዕቃው ስም ከነመጨረሻ ፊደሉ ይጻፍ። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሥራ የሆኑት ኤልኤም358ዲ እና ኤልኤም358ፒ ተግባራቸው አንድ ነው። ነገር ግን የፊተኛው በሰሌዳው ገጽ ላይ የሚበየድ ሆኖ እግሮቹ በ1.27 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ የኋለኛው በቀዳዳ የሚገባ ሆኖ እግሮቹ በ2.54 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ አንዱ በሌላው ሥፍራ ሊገባ አይችልም።

ሁለተኛ፥ ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደ ተሰጠ ይታወቅ። 0603 የተባለ ሬዚስተር ቁጥሩ በኢንች ከሆነ 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር ነው፤ በሜትር መለኪያ ከሆነ ግን 0.6 በ0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኪካድ ይህን ስሕተት ለመከላከል በሥዕሉ ስም ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች አብሮ ይጽፋል።

ሦስተኛ፥ የእግሮቹ ተራ ይመርመር። 2ኤን3904 እና ቢሲ547 የተባሉት ትራንዚስተሮች በመልክ አንድ ናቸው። ጠፍጣፋው ፊት ወደ ተመልካቹ፥ እግሮቹም ወደ ታች ሲሆኑ፥ የፊተኛው ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፥ ቤዝ፥ ኮሌክተር ነው፤ የኋለኛው ኮሌክተር፥ ቤዝ፥ ኤሚተር ነው። እንግዲህ ባለሱቁ አንዱን የሌላው ምትክ አድርጎ ሲሸጥ ይህን ለገዢው ሊነግረው ይገባል።

አራተኛ፥ ሥዕሉ ሠሪው ካወጣው የመለኪያ ወረቀት፥ ማለት ከዳታሺቱ ጋር ይነጻጸር፤ የወረቀቱ ሥዕል ከላይ ወይም ከታች የታየ መሆኑም ይለይ። ከዚያ በኋላ ንድፉ ሳያንስና ሳይበልጥ በትክክለኛ ልኩ በወረቀት ታትሞ በማስመሪያ ይለካ፤ ዕቃውም ራሱ በላዩ ይቀመጥ። ዕቃው ገና ካልመጣ ግን መተማመኛው ዳታሺቱ ብቻ ነው።

በመጨረሻም አስመጪው ከደንበኛው የተቀበለው ዝርዝር የዕቃውን ሙሉ ስም ያልያዘ እንደ ሆነ፥ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ይጠይቅ፤ ብዙ ሰሌዳ ከማዘዙም በፊት ጥቂቱን ለሙከራ ያስመጣ። የአንድ ፊደል ጉድለት ለመቶ ሰሌዳ መበላሸት ምክንያት ሊሆን ይችላልና።