ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ከረጢት ስለ ማድረስ

ነቀርሳ ወይም ካንሰር የተባለውን በሽታ ለማከም አንድ መድኃኒት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከታመሙት ሕዋሳት አንዳንዶቹ የአንዱን መድኃኒት ኃይል ተቋቁመው ይቀራሉና፥ ሐኪሞች ሁለት ወይም ሦስት መድኃኒቶችን አጣምረው ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ መድኃኒቶቹ በደም ውስጥ እኩል አይቆዩም፤ አንዱ ፈጥኖ ሲወገድ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ ሐኪሙ የመጠነው ድርሻ በሽታው ካለበት ስፍራ ሲደርስ ተዛብቶ ይገኛል።

ለዚህ የተገኘው ዘዴ መድኃኒቶቹን እጅግ ደቃቅ በሆነ የቅባት ከረጢት አሽጎ መላክ ነው። ከረጢቱ ሊፖሶም ይባላል፤ ጠባዩን በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) መርምረው ያስታወቁት እንግሊዛዊው ሊቅ አሌክ ባንግሃም ናቸው። ስፋቱ 100 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም 10,000 ከረጢቶች በአንድ መሥመር ቢደረደሩ የሚይዙት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው።

የዘዴው ፍሬ በደም ነቀርሳ ላይ ታይቷል። ሲታራቢንና ዳውኖሩቢሲን የተባሉት መድኃኒቶች በሞለኪውል ቍጥር አምስት ለአንድ ተመጥነው በአንድ ከረጢት ታሸጉ። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 75 ዓመት የሆነና ብርቱ የደም ነቀርሳ የያዛቸው 309 በሽተኞች ለሁለት ተከፍለው ታከሙ። መድኃኒቶቹን ለየብቻ ከተቀበሉት እኩሌቶቹ 6 ወር ሳይሞላቸው ሲሞቱ፥ በከረጢት ከተቀበሉት እኩሌቶቹ 9 ወር ተኩልን ተሻገሩ። መድኃኒቱም በ2017 በአሜሪካ ተፈቀደ። ፍጹም ፈውስ ባይሆንም፥ የመድኃኒት አደራረስ ራሱ ዕድሜ እንደሚጨምር አስረድቷል።

ከረጢቱ በእኛም አገር እየሠራ ነው፤ የሚሠራው ግን በሌላ በሽታ ላይ ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ፥ ከወሰን ማዶም በሱዳን ገዳሪፍ፥ ካላ አዛር ሰሊጥ አጫጆችን ይጥላል። አምፎቴሪሲን የተባለው መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በከረጢት ሲታሸግ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። በጎንደርና በአብደራፊ፥ ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ በአንድነት በያዟቸው በሽተኞች ላይ ምርመራ ተደርጎ ነበር። ለሚያስፈልጋቸው ሁለተኛ ዙር ሕክምና ከተጨመረ በኋላ፥ በከረጢት የታሸገውን መድኃኒት ብቻ ከተቀበሉት ከመቶ 55 ሲድኑ፥ ሚልቴፎሲን የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት አጣምረው ከወሰዱት ከመቶ 88 ዳኑ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ይህን ጥምር ሕክምና ለእንዲህ ያሉ በሽተኞች መከረ።

እንግዲህ የሊቃውንቱ ድካም የሚፈጸመው በጤና ጣቢያው መጋዘን ነው። መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቀመጥ የለበትም፤ በረዶም መሆን የለበትም። የቆላው ሙቀት ግን ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ከረጢቱ ከተበላሸ በሽተኛው የሚቀበለው የታሰበለትን መድኃኒት አይደለም። ስለዚህ የወረዳ አስተዳዳሪዎች የመጋዘኑ ሙቀት በየቀኑ ተለክቶ እንዲመዘገብ፥ መብራት ሲጠፋም ለማቀዝቀዣው የሚሆን ጄኔሬተርና ነዳጅ እንዳይጓደል ቢቈጣጠሩ፥ ከሐኪሙ ሥራ የማያንስ ሥራ ሠርተዋል። የከተማው ሕዝብና የእርሻ ባለቤቶች ደግሞ፥ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኵሳት የያዘውን፥ የከሳውንና ጣፊያው ያበጠውን ሠራተኛ «ወባ ነው፥ ይለቀዋል» ብለው ሳያዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት እንዲልኩት ያስፈልጋል።