የክረምቷ እንግዳ «ሰለቸኝ» ስትል

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። የእህት ወይም የወንድም ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ ተነሥታ ጌጫ ዘመድ ቤት ትመጣለች። ዝናቡ አያስወጣም፤ ጓደኛ የላትም። በሦስተኛው ቀን «ሰለቸኝ» ትላለች። ምን ይደረግ?

1. አብራችኋት ውጡ። የሸካ ደን ከደጃችሁ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ በጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ዝናቡ ጋብ ሲል ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ፣ ኮረሪማውን፣ በጥላ ሥር የበቀለውን ቡና አሳዩዋት።

2. ሥራ አጋሯት እንጂ አታሸክሟት። ቆጮ መጋገር ትማር፤ ነገር ግን እንግድነቷ ማጀት ውስጥ አይለቅ።

3. ስሟት። ለእናቷ ያልደፈረችውን ለአክስቷ ልትጠይቅ ትችላለች። «ነውር ነው» ብላችሁ ከዘጋችሁባት መልሱን ከሌላ ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ግንኙነት ሊያስረግዝ እንደሚችል፣ የመጀመሪያ የወር አበባ ከመታየቱ በፊትም እርግዝና ሊከሰት እንደሚችል ሳትቆጡ ንገሯት። እንግዳው ወንድ ከሆነም ይኸው ይነገረው፤ ኃላፊነቱ የሁለቱም ነውና።

መናገሩ ቢከብዳችሁ ወደ ክሊኒካችን አብራችሁ ብቅ በሉ። የምትጠይቀውን በምስጢር እንይዝላታለን። ክረምቱ ያልፋል፤ የሰማችው ምክር ግን አብሯት ይመለሳል።