የ7513 ቀሪዎች

ሐምዳይት በምሥራቅ ሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሱዳን ወሰኖች ከሚገናኙበት ስፍራ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በአጠገቧ የሚያልፈው የተከዜ ወንዝ በዚያ አካባቢ ሰቲት እየተባለም ይጠራል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከዋነኞቹ መሸጋገሪያዎች አንዷ ሐምዳይት ነበረች። ብዙዎቹም ከዚያ በገዳሪፍ ወደሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ ተወሰዱ። ወንዙን ሲሻገሩ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2020፣ በሒጅራ አቆጣጠር ደግሞ 1442 ነበረ። የአገሩን የዘመን መቁጠሪያ ሳይዝ የወጣ ሰው መጪው ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል በምን ያውቃል? ባሕረ ሐሳብን ለተማረ ሰው አንድ ሙሉ ቁጥር ይበቃዋል።

ቁጥሩ 7513 ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠሩት 5500 ዓመታት በ2013 ላይ ሲደመሩ ይገኛል፤ ስሙም ዓመተ ዓለም ይባላል። 7513 የ11ና የ683 ብዜት ነው፤ ይህ ጠባዩ ግን ለዘመን ቆጣሪ አይጠቅመውም። እርሱ የሚሻው ተካፍሎ የሚተርፈውን ነው።

ቁጥሩ ለ4 ሲካፈል 1878 ይደርሳል፤ 1 ይተርፋል። ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው። 1878 በ7513 ላይ ተደምሮ የሚገኘው 9391 ለ7 ሲካፈል ደግሞ 4 ይተርፋል። ቀሪው ዜሮ ሲሆን ሰኞ፣ 1 ሲሆን ማክሰኞ እየተባለ ስለሚቆጠር መስከረም 1 ቀን ዓርብ ዋለ ማለት ነው።

ረቂቁ የጨረቃ ሒሳብ ነው። ፀሐይና ጨረቃ በ19 ዓመት ስለሚገጣጠሙ 7513 ለ19 ይካፈላል፤ 8 ይተርፋል። ከዚህ 1 ሲቀነስ የሚቀረው 7 ወንበር ይባላል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ስለሚያንስ 7 በ11 ይባዛል። ከ77 ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 17 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 30 ለመሙላት የጎደለው 13 ደግሞ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በጥቅምት፣ ሲበልጥ በመስከረም ይውላል። በጥቅምት የዋለ እንደ ሆነ ነነዌ በየካቲት ትገባለች። ጥቅምት 13 ዓርብ ነበረ፤ ለዓርብ የተመደበው ተደማሪ፣ ማለትም ተውሳክ፣ 2 ስለሆነ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ቀን ገባ። በዚህ ላይ 69 ቀን ሲጨመር ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ይሆናል፤ እንደዚያም ሆነ። ስሌቱ ከአራቱ መደበኛ የሒሳብ ስልቶች ስለማያልፍ በአሸዋ ላይ በጣት ሊሠራ ይችላል።

4፣ 7ና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱም ዑደቶች አንድ ላይ የሚመለሱት ሦስቱ ቁጥሮች ተባዝተው ከሚሰጡት 532 ዓመት በኋላ ነው፤ ይህ ዐቢይ ቀመር ይባላል። የ2013 ዓ.ም. ፋሲካ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት፣ በ1481 ዓ.ም. በዋለበት ቀን የዋለውም ስለዚህ ነው።

መልመጃ፦ የማክሰኞ ተውሳክ 5 ነው። የ2014 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለበትን ቀን በዚሁ መንገድ አስሉ፤ ሥራችሁንም በተሟላ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።