የተሰባሰበ አልትራሳውንድ ለሕክምናና ለመድኃኒት ማድረሻ፦ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለው አግባብነት

መግቢያ

በአሶሳም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች አልትራሳውንድ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የእርግዝና ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። ይኸው ሞገድ በአንድ ነጥብ ላይ ሲሰባሰብ ግን ከማሳየት አልፎ ያክማል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩን አብራርቶ ለክልሉ ይበልጥ የሚቀርበው የትኛው ጥቅሙ እንደሆነ ይመረምራል።

የአሠራር መርህ

ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል። ድግግሞሹ 1 ሜጋኸርዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚህም ምክንያት ጎድጓዳ ቅርጽ ካለው አመንጪ የሚወጣው ሞገድ የገብስ ፍሬ በሚያህል ቦታ ላይ ሊሰባሰብ ይችላል። በዚያ ቦታ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ሕዋሳት በሰከንዶች ውስጥ ይሞታሉ፤ ሞገዱ ያለፈበት ቆዳና ሥጋ ግን ኃይሉ ተበትኖ ስለሚያርፍበት አይቃጠልም። በምርመራ ጊዜ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ከ1 ዋት በታች ሲሆን፣ በዚህ ሕክምና ከ1,000 ዋት ሊበልጥ ይችላል። አጥንት ሞገዱን ይውጠዋል፤ በአንጀት ውስጥ ያለ ጋዝም ይመልሰዋል። ስለዚህ ዒላማውን በምስል ሳይከታተሉ ማከም የቃጠሎ አደጋ አለው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2004 ለማህፀን ሚዮማ፣ በ2016 ደግሞ ለእጅ መንቀጥቀጥ ሕመም ፈቅዷል።

መድኃኒትን ወደ ዒላማው ማድረስ

ሁለተኛው ጥቅም የሚገኘው በዝቅተኛ ኃይል ነው። ከቀይ የደም ሕዋስ የማይበልጡ የጋዝ አረፋዎች በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ሞገዱ ሲደርሳቸው ይርገበገባሉ፤ የደም ሥሩንም ግድግዳ ለጊዜው ያላላሉ። አብዛኛዎቹን መድኃኒቶች የሚከለክለው በደምና በአንጎል መካከል ያለው ከለላ በዚህ መንገድ ለሰዓታት ተከፍቶ መልሶ ይዘጋል። ሌላው ስልት መድኃኒትን ሊፖሶም በሚባል ቅባታማ ከረጢት ይዞ ዒላማው 40 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ብቻ እንዲለቀቅ ማድረግ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው በምርምር ደረጃ ላይ ናቸው።

ለክልሉ ያለው አግባብነት

ሚዮማ በጥቁር ሴቶች ላይ በለጋ ዕድሜ የሚታይና በብዛት የሚከሰት ዕጢ ነው። ከባድ የወር አበባ መፍሰስ የሚያስከትለው ደም ማነስ፣ ወባ በስፋት በሚገኝበት እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባለ ክልል ይበረታል። ዕጢውን ያለ ቀዶ ሕክምና ማስወገድ ማህፀንን ያተርፋል፤ ከቀዶ ሕክምና የሚመጣውንም የደም መፍሰስ ያስቀራል።

በኤምአርአይ የሚመራው መሣሪያ ከፍተኛ ወጪና የማይቋረጥ ኃይል ይጠይቃል። በራሱ በአልትራሳውንድ የሚመራውና በቻይና በስፋት የሚሠራበት ዓይነት ግን ኤምአርአይን በሕክምናው ክፍል ውስጥ አይፈልግም። ይሁንና አንድ መሣሪያ አሶሳ ላይ መትከል ለመላው ክልል አይበቃም። ዓባይ መተከልን ከአሶሳና ከካማሺ ይለያል፤ የፓዌ አካባቢ ታካሚም በአብዛኛው የምታመራው ወደ ባሕር ዳር ነው። ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድም ከ650 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሕክምናው በሪፈራል ማዕከል ቢሰጥ እንኳ፣ ማን ወደዚያ መሄድ እንዳለባት የሚለየው በየሆስፒታሉ ያለው የምርመራ አልትራሳውንድ ነው። የዕጢው መጠንና አቀማመጥ፣ በፊቱ አንጀት መኖር አለመኖሩም በዚሁ ይታያል። ካንሰር የሚጠረጠርባት ሴት ለዚህ ሕክምና አትመረጥም፤ ለማርገዝ ላሰበችም ማስረጃው ገና ስላልተሟላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ለክልሉ በቅድሚያ የሚቀርበው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ምስሉን በትክክል የሚያነብ ባለሙያ ነው። ነፍሰ ጡርን የሚመረምረው ባለሙያ ሚዮማን ለይቶ መጠኑንና ቦታውን እንዲመዘግብ ቢሠለጥን፣ ሕክምናው በአገሪቱ በተጀመረ ጊዜ ታካሚዋ ረጅሙን መንገድ በከንቱ አትጓዝም። እስከዚያም ድረስ የደም ማነሷ መንስኤ ታውቆ ተገቢውን ሕክምና ታገኛለች።